ዝቋላ በብስክሌት፣ በየዓመቱ

ደክሞኛል። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል። ስለ ብስክሌት ጉዞ የሚያወሩ ሰዎች ነፋሱን፣ ተራራውን፣ ጥንታዊውን ገዳም ያነሳሉ፤ እኔ የማነሳው ቀኝ ጉልበቴን ነው። ከሳሪስ አቦ ተነስቼ ዝቋላ አቦ ድረስ ሃያ ሁለት ጊዜ በብስክሌት ሄጃለሁ። ከዚህ ውስጥ ወድጄ የሄድኩት ቢበዛ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሰባት ዓመታት ነው። የቀረውን የሄድኩት ፈርቼ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። ልጄ ገና ዓመት ከመንፈቋ ሳለች የሳንባ ምች ያዛት። ሐኪሞቹ "እንግዲህ እናያለን" ማለት ጀምረው ነበር፤ ይህን ቃል ኮሪደር ላይ ቆሞ የሰማ ወላጅ ትርጉሙን ያውቀዋል። ባለቤቴ ውስጥ አልጋው አጠገብ ነበረች። እኔ ውጭ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። አቃቂ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ውስጥ ቶርኖ ላይ ብረት እየቀረጽኩ ነበር የምሠራው፤ እንደ ሌላው ሰው ለታቦቱ ምንጣፍ ወይም ጥላ ልሳል ብል ከየት አመጣዋለሁ? የነበረኝ እግር ብቻ ነው። በሠራተኞቹ የብስክሌት ቡድን ውስጥ ዳገት ላይ የሚቀድመኝ አልነበረም። እናም ዓይኔን ጨፍኜ "አቦዬ፣ ልጄን ማርልኝና በየዓመቱ ለጥቅምት አቦ ዝቋላ ድረስ በብስክሌቴ እመጣልሃለሁ" አልኩ።

የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። ሰው ሲሳል ልክ ያበጃል። "አንድ ጧፍ" ይላል፣ "አንድ ጥላ" ይላል፣ በጣም የጨነቀው "ሦስት ዓመት እየመጣሁ አስቀድሳለሁ" ይላል። እኔ የሠላሳ ዓመት ሰው ነበርኩ፤ እግር የሚያልቅ ነገር መሆኑን ማን ነግሮኝ። እስከ መቼ እንደሆነ ሳልናገር ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ወተት ጠየቀች።

ስለቴን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። እናቴ የተሳለችውን እስክታደርስ ድረስ ለአባቴም ትንፍሽ አትልም ነበር፤ ከእሷ የያዝኩት ልማድ ነው። የእናቴ ስለት ግን ያልቅ ነበር። የእኔ ስለማያልቅ ዝምታዬም አላለቀም። የመጀመሪያው ዓመት ጥቅምት ሲገባ ብስክሌቴን ስወለውል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። "ልጅ ታቅፌ ቁጭ ባልኩበት አንተ ስፖርት አማረህ?" አለችኝ። ያን ሰሞን ከቡድናችን አንዱን ገላን መንገድ ላይ መኪና ገጭቶት ቀብረነው ነበርና ድምጿ ውስጥ ከቁጣ ይልቅ ፍርሃት ነበር። እኔም "ደርሼ ልምጣ" ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልጠየቀችኝም። በጥቅምት አራት ጠዋት በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ መሪው ላይ ታንጠለጥልልኛለች፤ በቃ።

አሁን የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። ብስክሌቱን ታች ባስረው ጠዋት አላገኘውም፤ ስለዚህ ተሸክሜው እወጣለሁ፣ ተሸክሜው እወርዳለሁ። ከኮዬ ፈጬ ወደ ዝቋላ ለመሄድ ጥሩ አእምሮ ያለው ሰው በቱሉ ዲምቱ በኩል ወጥቶ ወደ ገላን ይታጠፋል። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ ሳሪስ እሄዳለሁ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ዓመት የተነሳሁት ከሳሪስ አቦ ደጃፍ ነው። አንዷን ነገር ብቀይር አቦ "ይሄማ ሌላ መንገድ ነው" የሚለኝ ይመስለኛል። በሥራዬ ልኩ አንድ ፀጉር ታህል ከሳተ ብረቱ እንደሚጣል ስለማውቅ ይሆናል። ግን እኔ ባልቀይረውም መንገዱ ራሱ ተለውጧል። ጤፍ የነበረው ፎቅ ሆኗል፤ ጥላ ስር የማርፍበት ግራር የነበረበት ቦታ ላይ ጎሚስታ አለ።

ዘንድሮ ላቆም ቆርጬ ነበር። ከሐምሌ ጀምሮ ጉልበቴ እያበጠ ደረጃ እንኳን በግራ እግሬ እየመራሁ ነው የምወጣው። የንስሐ አባቴን "ይፍቱኝ" ልላቸው ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ታዲያ መስከረም ላይ ልጄ፣ ያቺው የዓመት ከመንፈቋ ልጅ፣ ባሏን አስከትላ መጥታ ሆዷን አስቀድማ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ስምንተኛ ወሯን እንደጨረሰች ነገረችን። ለካ የመውለጃዋ ጊዜ የጥቅምት ማለቂያ ነው። ቀልቤ ተገፈፈ። ሃያ አንድ ዓመት ከፍዬ ከፍዬ በዚህ ዓመት ላቋርጥ? ልጄ ምጥ ላይ ሳለች አቦ "ያ ባለ ብስክሌት የት ሄደ?" ቢልስ? እንዲህ ያለ ሐሳብ ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ማወቄ ግን አልጠቀመኝም።

ስለዚህ በጥቅምት አራት ጎህ ሲቀድ ቆሎዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ሳሪስ አቦ ደጃፉን ተሳለምኩ። ቁልቁል ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያ አቃቂ። አቃቂ ድልድዩን እንዳለፍኩ ሁልጊዜ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አያለሁ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ከዚያ ግቢ ጀርባ ነው ያደግሁት። ልጅ ሳለሁ ባቡሩ ሲመጣ መሬቱ ቀድሞ ይነግረን ነበር። አሁን ሐዲዱ ያለበት ቦታ ላይ ሣር በቅሎ ባጃጆች ይቆሙበታል። ፋብሪካዎቹ በር ላይ ፈረቃ የሚለውጡ ሠራተኞች ሻይ ይጠጣሉ። ከእነሱ መካከል የሚያውቀኝ አንዱ "ዛሬም?" አለኝ። "ዛሬም" አልኩት።

ከገላን እስከ ዱከም ያለው መንገድ የከባድ መኪና ነው። የፍጥነት መንገዱ በጎን ተንጣሎ ይታያል፤ ብስክሌት ግን እዚያ አይገባም። በግራ የረር ተራራ ደመናውን እንደ ነጠላ ጣል አድርጎ ቆሟል። በፊት በፊት እሱን ሳይ ልቤ ይሞቅ ነበር። አሁን የማየው አስፋልቱን ነው፤ ጠርዙ የተቆረጠበትን፣ ጉድጓዱን፣ የተሰበረ ጠርሙሱን። ታሪካዊ አገር ለማየት አንገት ቀና ማድረግ ይጠይቃል፤ ከባድ መኪና ከኋላ ሲነፋብህ ቀና አትልም።

ዱከም ውኃ ልጠጣ ስቆም ስድስት የሚሆኑ ወጣቶች አገኘሁ። ሁሉም የራስ ቁር፣ ጥብቅ ያለ ልብስ፣ ቀላል ቀላል ብስክሌት። ከከተማ ወጥተው በየቅዳሜው አዳዲስ መንገድ የሚሞክሩ ናቸው። አንዷ ልጅ የእኔን አሮጌ ብረት ዞራ ዞራ አየችው።

"ፋዘር፣ ዝቋላ ድረስ ነው? በዚህ?"

"በዚሁ።"

"እኛም ለቱር የሚሆን ሩት እየፈለግን ነበር። አሪፍ ነው መንገዱ?"

ምን ልበላት? እውነቱን ነገርኳቸው። ከቢሾፍቱ በኋላ አስፋልት እንደሌለ፣ ዝናብ ከጣለ ጥቁሩ መረሬ አፈር ጎማውና ጎማውን በያዘው ሹካ መሃል ገብቶ ብስክሌቱን እንደሚያስቆም፣ ጭቃውን በእንጨት እየጫሩ መሄድ እንደሚገባ። ዳገቱን ስትጀምሩ መንገዱ የተራራውን ትከሻ ይዞ ስለሚዞር አናቱ ቅርብ ይመስላችኋል፤ አትመኑት አልኳቸው። የምታገኙት ገበሬ ሁሉ "ደርሳችኋል፣ ይኸው እዚህ ነው" ይላችኋል፤ እሱ መንገደኛ ልቡ እንዳይሰበር ብሎ ነው፣ እሱንም አትመኑት። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ግን ከእግራችሁ ሥር ጫካና ሐይቅ ይመጣል። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ጻፉት። ልጅቷ "ሐይቁን ሲያዩት ምን ይሰማዎታል?" አለችኝ። "መቀመጥ እፈልጋለሁ" አልኳት። ሳቁ። የቀለድኩ መስሏቸው ነው።

ቢሾፍቱ ስደርስ ጉልበቴ ሱሪዬን ሞልቶት ነበር። ወደ ደቡብ ታጥፌ የአፈሩን መንገድ ያዝኩ። ጤፉ ሊያሸት ደርሷል፤ ከፊቴ ዝቋላ፣ አናቱ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ጠፍጣፋ ሆኖ ተቀምጧል። አንድ ትንሽ ድልድይ ላይ ስደርስ ፔዳሉን መርገጥ አቃተኝ። ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ማዳበሪያ የጫነ መኪና መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "አባት፣ ወደ አቦ ነው? ይውጡ፣ እኔም እዚያው ሥሩ ድረስ ነኝ" አለኝ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ወጣሁ። ብስክሌቱን ከማዳበሪያው ላይ ጣልነው። ሾፌሩ እያወራኝ፣ ነፋሱ ፊቴን እየመታኝ፣ ተራራው እየቀረበ ሲመጣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የመንገዱን ግራና ቀኝ አየሁት። ያምር ነበር።

ተራራው ሥር ካለችው መንደር አወረደኝ፤ አመስግኜው ሄደ። ከዚያ ጥላ ፈልጌ ቁጭ እንዳልኩ የልጄ ሆድ ፊቴ ላይ መጣ። ተነሳሁ፣ ብስክሌቱን አዞርኩና ወደ ድልድዩ ተመለስኩ። ከድልድዩ ደግሞ አዙሬ እንደገና ወደ ተራራው። ማለትም መኪናው ያሳለፈኝን መንገድ ሁለት ጊዜ ነዳሁት፤ አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት። በመኪና ባልወጣ ኖሮ አንዴ ብቻ ነበር የምነዳው። ሾፌሩ ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ከዝቋላ ጀርባዬን ሰጥቼ ስሄድ አገኘኝ። ፍሬን ይዞ "አባት፣ አቦ በወዲያ ነው" አለኝ፣ በሐዘን። አእምሮዬን የነካኝ ሳይመስለው አልቀረም። "አውቃለሁ ልጄ፣ የረሳሁት ነገር አለ" አልኩት።

ዳገቱን እየገፋሁ ነው የወጣሁት። ምዕመናኑ በእግራቸው ያልፉኛል፤ መቋሚያ የያዙ እናት ሳይቀሩ "አይዞህ፣ ደርሰሃል" ብለውኝ አለፉ። ሌላ ጊዜ የሐይቁ አፋፍ ላይ ስደርስ ኔትወርክ ስላለ ለባለቤቴ እደውላለሁ። "ደረስክ?" ትለኛለች። "ደረስኩ" እላለሁ። "እሺ፣ ደህና" ትልና ትዘጋለች። ዘንድሮ አፋፉ ላይ ስደርስ ግን ስልክ መኖሩንም ረሳሁ። ብስክሌቱን እየጎተትኩ ወደ ውስጥ ወረድኩ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለምኩ፣ ከእንግዶቹ ጋር ዛፍ ሥር ጋቢዬን ተከናንቤ ወደቅሁ። ጻድቁ እዚያ ሐይቅ ውስጥ መቶ ዓመት ቆመው ለሰው ልጅ ምሕረት ለመኑ ይባላል። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ያውም ተቀምጬ እየነዳሁ አለቅኩ። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ቅዳሴው አልቆ ወደ አፋፉ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት።

"አባዬ! የት ነህ? ምነው ለእማዬ ሳትደውልላት ቀረህ?"

"ደክሞኝ ተኛሁ። ምን ሆናችሁ? አመመሽ እንዴ?"

"እኔ ደህና ነኝ። እማዬን እንጂ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳን አልቀመሰችም። ጨጓራዋ ተነስቶባት ተኝታለች። አንተ ሳትደውል እንደማትበላ እያወቅክ!"

"ምንድን ነው የማውቀው?"

 ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አባዬ፣ እማዬ አንተ ዝቋላ ስትሄድ እኮ አትበላም። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ። አልነገረችህም?" አለች።

ስልኩን ዘጋሁ። ሞባይል ሳይኖረን በፊት የነበሩትን ዓመታት አሰብኳቸው። ያን ጊዜ የምትሰማው ነገር የለም፤ በሁለተኛው ቀን ማምሻ እኔ በሩን እስክገፋ ድረስ ነው። እራት ቀርቦ ሳላነሳ እሷም የማታነሳው ስላከበረችኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ዓመት እንዲያውም መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ ምግብ ጋብዘውኝ በልቼ ስለነበር "ጠግቤያለሁ፣ አንቺ ብዪ" ብያት እጇ እየተንቀጠቀጠ ስትጎርስ አይቻለሁ። ብርድ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁላት።

ለባለቤቴ ደወልኩላት። "ደረስክ?" አለችኝ፣ እንደ ወትሮው። ድምጿ ቀጥኗል።

"ደርሻለሁ። ብዪ" አልኳት።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ሚኒባስ ፍለጋ ወረድኩ። 

ወደ ቤት የተመለስኩት በዚያው ቀን ብስክሌቱን ሚኒባስ አናት ላይ አስሬ ነው። በመመለሻው ላይ ስለት አልነበረብኝም፤ በሌላ ጊዜ የምነዳው ገንዘቡን ለመቆጠብ ነበር። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ትራስ ተደግፋ አጥሚት ትጠጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ጀመርኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ኩባያውን አስቀመጠችው።

"ስለት ነው?" አለች። "ለእሷ?"

"ለእሷ።"

"እኔ እኮ ብስክሌቱን ወደኸው መስሎኝ ነው።"

"ከወደድኩት ቆየሁ።"

እሷም የራሷን ነገረችኝ። የመጀመሪያው ዓመት እኔ እንደወጣሁ ልጅቷን አዝላ ሳሪስ አቦ ሄደች። ያ የተገጨው ጓደኛዬ ከፊቷ አልጠፋ ብሏት ነበር። "በሰላም መድረሱን እስክሰማ እህል ውኃ አልቀምስም፤ ዘንድሮም፣ በሄደ ቁጥርም" አለች። እሷም እስከ መቼ እንደሆነ አልተናገረችም። ሐኪም ጨጓራሽን ባዶ አታቆዪው ካላት ስድስት ዓመት ሆኗል። "ይተዋል እያልኩ ስጠብቅህ ነበር" አለችኝ። "በየዓመቱ ዘንድሮስ ይተዋል እላለሁ። አንተ ብረትህን ትወለውላለህ። ያንን ብስክሌት ስንቴ በመስኮት ልጥለው አሰብኩ መሰለህ።" ተናደድኩ፤ በእሷ ይሁን በራሴ አላወቅሁም። ከዚያ ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ፣ እያመማት። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሁለታችንም የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድን። ሽማግሌ ናቸው፤ መስማት ትንሽ ስለሚያስቸግራቸው ነገሩን ጮክ ብለን፣ በየተራ፣ ሌላው ሰው እየሰማ ነገርናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት የደበቅነውን ገበያ አደረግነው። እሳቸው መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና መጀመሪያ ወደ እሷ ዞሩ።

"አንቺ ከነገ ጀምሮ ቁርስሽን ብዪ። አንቺን ፈትቼሻለሁ።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተንም ፈትቼሃለሁ። በጥቅምት አቦ ሁለታችሁም እዚሁ ሳሪስ እየመጣችሁ አስቀድሱ።"

"በብስክሌት ነው አባ?" አልኳቸው። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

"በታክሲ ና" አሉኝ።

ቀለል ሊለኝ ይገባ ነበር። አልቀለለኝም። ልጅቷ ገና አልወለደችም፤ አቦም እንደ ንስሐ አባቴ መስማማቱን በምን አውቃለሁ? ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት አማቻችን ደወለ፤ ምጥ ይዟታል። ሆስፒታል ደርሰን ከተመላላሹ ሰው መሃል ኮሪደሩ ላይ ቆምን። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ በቀለም የተቀባ፣ ያው የማውቀው ዓይነት ነው። ሰዓቱ ሄደ። አንዲት ነርስ በፍጥነት ገባች፣ ሌላ ተከተለቻት። አማቻችን ሁለተኛዋን ጠየቃት፤ "እንግዲህ እናያለን" ብላው በሩን ዘጋች።

 ግድግዳውን ተደገፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አፌ በራሱ ተከፈተ። "አቦዬ፣ ልጄን በሰላም ገላግልልኝና በየዓመ…"

ባለቤቴ በመዳፏ አፌን ያዘችው። ዓይኔን ስገልጥ ፊቷ ፊቴ ላይ ነው፤ እንባዋ ይወርዳል፣ እጇ ግን አልለቀቀኝም።

"ጧፍ በል" አለችኝ። "አንድ ጧፍ።"

እጇን አነሳች። "አንድ ጧፍ" አልኩ።

"እኔም አንድ" አለች።

በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ልጅ ነው። በኅዳር አቦ ጠዋት ሁለታችንም በታክሲ ሳሪስ አቦ ሄደን ሁለቱን ጧፍ አበራን። ከዚያ ገበያው ጎን ካለች ቤት ገብተን ቁርስ አዘዝን። ባለቤቴ የራሷን ፍርፍር ጨርሳ የእኔንም ወሰደች።